ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ የጮኸው አላርም

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ የካርቦን ሞኖክሳይድ (ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ) አላርም ላከችልን። ጋዙ ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል ሲባል ሰምተን ወጥ ቤት ወለሉ ላይ፣ ከሲሊንደሩ አጠገብ አስቀመጥነው፤ የሲሊንደሩንም ይጠብቅልናል ብለን። ባለፈው እሁድ ሳሎን ቡና ተፈልቶ በረካ ላይ ስንደርስ አራት አራት ጊዜ እያከታተለ መጮህ ጀመረ። አክስቴ ራሴን አመመኝ ብላ ነበር። ባለቤቴ ግን «ከሰሉ እኮ ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም፤ መርዝ ቢሆን ገና በአቦል ይጮህ ነበር» ብሎ የባትሪ ድንጋዩን አወጣው። አዲስ ድንጋይ ስናስገባለት ደግሞ በየደቂቃው አንድ ጊዜ ጢቅ ይላል። መሞከሪያውን ሲጫኑት ግን በደንብ ይጮኻል፤ ጀርባው ላይም 2016 ስለሚል አሮጌ አይደለም። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። እናቴ ልታርሰኝ ከደብረ ብርሃን ትመጣለች፤ ማታ ማታ ክፍሉን በከሰል ማሞቅ የግድ ነው፣ ውሃ በሳህን ከተቀመጠ አይጎዳም ትላለች። አላርሙ እያለ ከሰል ይዞ መተኛት ይቻላል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ አይቻልም። አዲስና ደህና አላርም ቢኖርዎትም አይቻልም። የእርስዎ ደግሞ ዕድሜው ያለፈ ነው፤ ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። ለእሁዱ ጩኸት ግን ጥፋተኛው መሣሪያው አይደለም። እውነቱን ነው የተናገረው።

ባለቤትዎ ያሉትን አብዛኛው ሰው ይለዋል፤ ከሰል የሚገድለው እስኪቀላ ድረስ ነው፣ ከቀላ በኋላ ቤት ይገባል። እውነታው ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ላይ ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ ከሰሉ ውስጥ የቀረው እርጥበትና ያልከሰለ እንጨት ነው። እሱ ተቃጥሎ ሲያልቅ የሚቀረው ካርቦን ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ከዚሁ ካርቦን ነው የሚወጣው። ከማንደጃው ሥር የገባው አየር ታችኛውን ፍም ሲያነድ የሚፈጠረው ጋዝ በላይኛው የጋለ ከሰል መካከል ሲያልፍ እንደገና ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ፍሙ ላይ አንዳንዴ ስስ ሰማያዊ ነበልባል ሲንቀለቀል አይተው ከሆነ፣ የሚነደው ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ፍሙ አመድ ለብሶ ሰማያዊው ነበልባል ሲጠፋ ሰው «አሁን በረደ» ይላል፤ ጋዙ ግን መውጣቱን አላቆመም፤ ሳይነድ ወደ ክፍሉ መግባት ጀመረ እንጂ። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ላቀች ምድጃ መጠቀምም ከሰል ይቆጥባል እንጂ ይህን አያስቀርም። በሳህን የተቀመጠ ውሃም ቢሆን አይረዳም፤ ጋዙ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ከቁጥር በማይገባ መጠን ነው። ዕጣኑ ቤቱን ያውደዋል፤ አየሩን አያጸዳውም።

«መርዝ ቢሆን በአቦል ይጮህ ነበር» የሚለው ግን በጥሞና መመለስ ያለበት ነው፤ የመሣሪያውን አሠራር ካላወቁ ምክንያታዊ ይመስላልና። የቤት አላርም ጋዙን እንዳገኘ ወዲያው የሚጮህ ተደርጎ አልተሠራም። የሚያሰላው ምን ያህል ጋዝ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ነው፤ ደምዎ ውስጥ የሚጠራቀመውም በዚሁ ሂሳብ ስለሆነ። መለኪያው ፒፒኤም ይባላል፤ በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ስንት ክፍል ጋዝ አለ ማለት ነው። ዩኤል 2034 የተባለው የአሜሪካ ደረጃ እንደሚያዘው አላርሙ በ400 ፒፒኤም ከ4 እስከ 15 ደቂቃ፣ በ150 ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፣ በ70 ደግሞ ከ60 እስከ 240 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጮህ አለበት። የአውሮፓው ኢኤን 50291 ጠበቅ ይላል፤ በ50 ፒፒኤም ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ በ100 ከ10 እስከ 40 ደቂቃ፣ በ300 በ3 ደቂቃ ውስጥ ነው። እንግዲህ ከሰሉ ሳሎን ከገባ ጀምሮ ይቁጠሩት። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ ተጠጥቶ፣ ቶናው ተከትሎ በረካ እስኪደርስ አንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ቤቱ ተዘግቶ፣ ማንደጃው መሀል ተቀምጦ አላርሙ በረካ ላይ መጮሁ ከዚህ ሰሌዳ ጋር ይገጥማል። በዚያ ላይ ሳሎን የነደደው ከሰል ወጥ ቤት ወለል ላይ ያለውን መሣሪያ አስጮኸ። የአክስትዎን ራስ ምታት ይጨምሩበትና ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚሁ ሰሌዳ የሚከተለው ነገር ለእርስዎ ከሁሉም ይበልጣል። የአሜሪካው ደረጃ አላርሙ በ30 ፒፒኤም ለ30 ቀን ያህል እንዳይጮህ ያዛል፤ ሰው በየጊዜው እየተሰላቸ ድንጋዩን እንዳያወጣ ታስቦ ነው። ብዙዎቹ ቁጥር የሚያሳዩ ሞዴሎችም ከ30 በታች ያለውን 0 ብለው ነው የሚያሳዩት። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ለአንድ ሰዓት ያስቀመጠው ወሰን በግምት ያው 30 ፒፒኤም ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ለሙሉ ቀን ያወጣው መመሪያ ደግሞ ወደ 4 ፒፒኤም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ዝም ያለ አላርም ማለት «አየሩ ንጹህ ነው» ማለት አይደለም፤ «ጤነኛ ጎልማሳን ራሱን የሚያስት መጠን ገና አልደረሰም» ማለት ነው። ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ልጅ የተለካ መሣሪያ አይደለም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ደም ውስጥ ኦክሲጅን በሚሸከመው ሂሞግሎቢን ላይ የሚጣበቀው ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው፤ ከያዘ በኋላም ቶሎ አይለቅም። ንጹህ አየር ላይ የወጣ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ግማሽ እስኪወጣለት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል። የጽንሱ ደም ደግሞ ከእናቱ ይበልጥ ያከማቻል፣ ከእናቱም ዘግይቶ ይለቃል። እናቲቱ «ትንሽ ራሴን ከበደኝ» ብላ በምታልፈው መጠን ጽንሱ ሊጎዳ የሚችለው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ መሆኗንም አይርሱ። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ደማችን ከመጀመሪያውም የሚያገኘው ኦክሲጅን ያነሰ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚህም ከፍ ትላለች።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳትና የሐሳብ መደናገር ነው። ትኩሳት የለውም። ምች ነው፣ ብርድ ነው፣ የጾም ድካም ነው ተብሎ የሚታለፈው ብዙ ነው። የሚለየው ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲታመሙና ውጭ ሲወጡ ሲሻላቸው ነው። የተኛ ሰው ግን ይህን ለማየት ዕድል አያገኝም፤ ከራስ ምታቱ ሳይነቃ ወደ መሳት ይሄዳል።

አሁን ወደ መሣሪያው። ጀርባው ላይ ያለው 2016 የእኛ 2016 አይደለም። አሜሪካ የተሸጠ ዕቃ ላይ የሚታተመው የፈረንጆቹ ዓመት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2008 ወይም 2009 ዓ.ም. የተመረተ ማለት ነው። ይህ ስህተት ከዳያስፖራ በሚመጣ ዕቃ ሁሉ ላይ ያጋጥማል፤ መድኃኒትና የሕፃናት ወተት ላይም ጭምር፤ ስለዚህ አይሸማቀቁበት። ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ውስጡ ያለው ሴንሰር በኬሚካል የሚሠራ ሆኖ እንደየሞዴሉ ከ5 እስከ 7 ዓመት፣ አንዳንዱም እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ተጠቀሙበትም አልተጠቀሙበትም ያረጃል። አዲስ ድንጋይ ከገባለት በኋላም በየደቂቃው አንድ ጊዜ ጢቅ ማለቱን ካልተወ፣ አብዛኛው አምራች በዚህ ድምፅ የሚነግርዎት «ዕድሜዬ አልቋል ወይም ተበላሽቻለሁ፣ ለውጡኝ» ብሎ ነው። አራት ጊዜ ጮኾ፣ አርፎ፣ ደግሞ አራት ጊዜ ሲጮህ ግን ጋዝ አለ ማለት ነው፤ ውጡ። ሁለቱን ድምፆች የቤቱ ሰው ሁሉ፣ የቤት ሠራተኛም ካለች እሷም ጭምር፣ መለየት አለባቸው። ያረጀ ሴንሰር በአብዛኛው እየደከመ ነው የሚሄደው። እሁድ ዕለት ደክሞም ካወቀው፣ በመጠኑ ላይ ብዙ መከራከር አያሻም።

«መሞከሪያውን ስጫነው ይጮኻል» የሚለውም አያጽናናም። ያ ቁልፍ የሚፈትሸው ድንጋዩን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩንና ድምፅ ማውጫውን ነው። ሴንሰሩ ጋዝ ማሽተት ይችል እንደሆነ አይነግርዎትም። ቢሆንም በወር አንዴ መጫኑ ጥሩ ልማድ ነው፤ ሲጫኑት ሌላ ሰው መኝታ ቤት በር ዘግቶ ይስማዎት። ሴንሰሩን ለመፈተን ብሎ ከፍም በላይ መያዝ ወይም ከመኪና ጭስ ማውጫ ጋር ማስጠጋት ግን ሴንሰሩን ያበላሻል፤ ፈታኙንም ያስተነፍሰዋል።

ቦታውን በተመለከተ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአየር ከባድ አይደለም፤ እንዲያውም በትንሹ ይቀልና ከክፍሉ አየር ጋር ይደባለቃል። ወደ ታች የሚወርደው የሲሊንደሩ ጋዝ ነው። ሁለቱ ስለሚምታቱ ብዙ ቤት ውስጥ አላርሙ ወለል ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም የሲሊንደር ጋዝ ሲያፈስ አያውቅም፤ ለእሱ ሌላ ዓይነት አላርም አለ፣ እሱ ነው ዝቅ ብሎ የሚቀመጠው። ሲሊንደሩ እዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው ነበልባሉ ሰማያዊነቱን ትቶ ቢጫ ሲሆንና የድስቱን ቂጥ ሲያጠቁር ነው፤ ያኔ ምድጃው በደንብ ስለማያቃጥል እሱም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይጸዳ ወይም ይጠገን።

የአላርሙ ትክክለኛ ቦታ መኝታ ቤት ወይም በሩ አጠገብ፣ ከወለል 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ግድግዳ ላይ ነው። ሰው ተኝቶ የሚሰማው ቦታ መሆን አለበት። ከመጋረጃ ጀርባ፣ ከቁምሳጥን ውስጥ፣ ከመስኮት ጥግና ከሻወር ቤት ይራቅ። ወጥ ቤት ውስጥ ከምድጃው አጠገብ መስቀል የቁሌት እንፋሎትና ዘይት እንዲለብሰው ማድረግ ነው። አንድ ብቻ ካለዎት የሚሄደው መኝታ ቤት ነው።

እህትዎ ሌላ የምትልክ ከሆነ ሶኬት ላይ የሚሰካውን እንዳትገዛ ይንገሯት። የአሜሪካው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ ግድግዳ 220 ነው። የሶኬት መቀየሪያ ጭንቅላት አድርጎ መሰካት ቮልቱን አይቀይረውም፤ በመጀመሪያው ሰከንድ ይቃጠላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ ከሰል የሚበዛበት ሰዓት ስለሆነ፣ በጣም በሚፈለግበት ጊዜ የሚሞት አላርም ለእኛ አይሆንም። በድንጋይ የሚሠራ፣ ወይም ባትሪው ውስጡ ታሽጎ እስከ 10 ዓመት የሚቆይ ይሁን። ሳጥኑ ላይ ከሁለቱ ደረጃዎች አንዱ መጻፉን ትመልከት፤ የቅርብ ጊዜ ምርት ይሁን፤ ቁጥር የሚያሳይ ቢሆን ደግሞ እመርጣለሁ።

እንክብካቤው ብዙ አይደለም። ድንጋዩ አልካላይን የሚል የተጻፈበት ይሁን፤ ሱቅ በርካሽ የሚሸጠው ቶሎ ይወርዳል። በዓመት አንዴ ይቀየር፤ እንቁጣጣሽን ቀን ካደረጉት አይረሳም። ባትሪው ታሽጎ የመጣው ግን አይከፈትም። የከሰል አመድና የዕጣን ጥላሸት የመሣሪያውን ቀዳዳዎች ይደፍናሉ፤ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ወይም በቫኪዩም በየጊዜው ይጠረግ። በእርጥብ ጨርቅ በሳሙና አይታሸት፣ የዝንብ መድኃኒት ወይም ሽቶ አይረጭበት። ቤት ሲቀባ ተነቅሎ ይውጣ፣ የቀለሙ ሽታ ሲወጣ ይመለስ። እባክዎ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በላስቲክ አይጠቅልሉት፤ አየር ካልገባው ምንም አያይም።

ከሰል ሳይኖር ቢጮህ ምንድን ነው? መጀመሪያ እውነት ነው ብለው ይውጡ፤ ምክንያቱ በኋላ ይፈለጋል። ታች ያለ ሱቅ ጄኔሬተር በደረጃው ሥር አስነስቶ ሊሆን ይችላል፤ ጋዙ በደረጃውና በቱቦ ቀዳዳዎች አራተኛ ፎቅ ይደርሳል። ጄኔሬተር ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ነው መሥራት ያለበት። ጎረቤት ከሰል ኮሪደር ላይ አቀጣጥሎ ይሆናል። እውነተኛ ስህተት የሚፈጥር አንድ ነገር ግን አለ፤ ለመብራት መጥፋት ተብሎ ቤት ውስጥ የሚቀመጠው የኢንቨርተር ባትሪ፣ ማለትም የመኪና ባትሪ ዓይነቱ፣ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን ያወጣል። አላርሙ ሃይድሮጂኑን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው ብሎ ይወስደዋል። ይህም ቢሆን ችላ የሚባል አይደለም፤ ሃይድሮጂን ስለሚቀጣጠል ባትሪው በረንዳ ይውጣ።

አራት አራት ጊዜ ሲጮህ ሰውን ሁሉ ይዞ መውጣት ይቀድማል፤ መስኮት መክፈት በመንገድ ላይ የሚደረስበት ከሆነ ብቻ ነው። ድንጋይ ማውጣት መፍትሔ አይደለም። የታመመ ወይም የደከመ ሰው ካለ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ይደወላል። ወተት፣ ሎሚ፣ ፌጦ መስጠት ጊዜ ያባክናል፤ ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም። የሚረዳው ኦክሲጅን ነው። ጤና ተቋም ሲደርሱ «ከሰል ነበር» እና «ነፍሰ ጡር ነኝ» የሚሉትን ሁለት ነገሮች ሳይጠየቁ ይናገሩ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ከኦክሲጅን ስለማይለይ 98 ብሎ ሊያሳይ ይችላል። ይህን ቁጥር አይተው «ደህና ነሽ» ቢሉዎት የደም ምርመራ ይጠይቁ። ለነፍሰ ጡር ኦክሲጅኑ ራስ ምታቱ ከተወ በኋላም ረዘም ላለ ጊዜ ይቀጥላል።

ለእናትዎ የምለው ይህ ነው። ክፍሉ መሞቅ አለበት ማለታቸው ልክ ነው፤ አዲስ የተወለደ ልጅ ሙቀት ይፈልጋል። ሙቀቱ ግን ከከሰል መምጣት የለበትም። ልጁ ኮፍያና ካልሲ አድርጎ፣ ገላ ለገላ ደረትዎ ላይ ሆኖ ከላይ ብርድ ልብስ ቢደረብ ከማንደጃ ይበልጥ ይሞቃል። አልጋውን ልጁ ከመተኛቱ በፊት በሙቅ ውሃ ላስቲክ አሙቆ ላስቲኩን ማውጣት ይቻላል። መብራት ሲኖር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይጠቀሙ፤ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ እንጂ ዲቫይደር ላይ አይንጠልጠል፣ ከመጋረጃም ይራቅ። ገንፎውም አጥሚቱም በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሠራል።

ቡናውን አልከለክልዎትም፤ ብከለክልም የሚሰማኝ የለም። እስኪወልዱና ልጁ ጠንከር እስኪል ግን በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፤ ወይም ሥርዓቱ በረንዳ ላይ ይሁንና እርስዎ ፍሙ አጠገብ አይቀመጡ። በኋላም ከሰል ቤት ከገባ በርና ከበሩ ፊት ለፊት ያለው መስኮት ይከፈቱ፤ አንድ መስኮት ገርበብ ማድረግ አይበቃም። በረካው ሲያበቃ ማንደጃው ከነአመዱ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የጠፋ የሚመስል ፍም ለሰዓታት ጋዝ ያወጣል።

አዲሱ እስኪመጣ አሮጌው ቤት ውስጥ አይቆይ። ድንጋዩን አውጥተው «አይሠራም» ብለው ጽፈውበት ይጣሉት። ለጎረቤት ወይም ለክፍለ ሀገር ዘመድ እንዳይሰጡት፤ የወሰደው ሰው ይጮህልኛል ብሎ ከሰል ይዞ ይተኛል።